በመዋጮ ገንዘብ ኮምፕሬሰር ከመገዛቱ በፊት

በየገጠር ቀበሌው ሞተር ብስክሌቱ፣ ባጃጁ፣ በመኪና ጎማ የሚሄደው ጋሪና የመስኖ ውሃ ፓምፑ እየበረከተ በመሄዱ፣ ጎማ የሚነፋና አቧራ የሚያራግፍ አነስተኛ የአየር መጭመቂያ ወይም ኮምፕሬሰር በማኅበር የጥገና ክፍል ወይም በአባል ጓሮ ማቋቋም የሚታሰብበት ጉዳይ ሆኗል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የአባላት መዋጮ እንደመሆኑ መጠን መሪዎች ሻጩ በሚያሳየው የፈረስ ጉልበት ቁጥር ብቻ ሊወስኑ አይገባም።

መጠየቅ ያለበት መሣሪያው በደቂቃ የሚሰጠው የአየር መጠን ነው። በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ፒስተኑ የሚስበው ሲሆን በቱቦው የሚወጣው ከዚያ በብዙ ያንሳል። ይህንንም ከመግዛት በፊት በሰዓት መለካት ይቻላል። 50 ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ ከባዶ ተነሥቶ 8 ባር እስኪደርስ 400 ሊትር ያህል አየር ይገባበታል፤ በ4 ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 100 ሊትር ያህል ይሰጣል ማለት ነው። ይህም ለጎማ ይበቃል፤ ቀለም ለመርጨት ግን ያንሳል። ከቆላ ከተማ ገዝቶ ወደ ደጋ የወሰደ ማኅበር አሞላሉ ቢዘገይ አይደንግጥ፤ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያነሰ ነው።

ዘይት የማይሻው ዓይነት ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ጩኸቱ ግን የበዛ ነው፤ ቶሎም ያልቃል። ሥራው የየዕለት ከሆነ በችንጋ የሚዞረውና ዘይት የሚጨመርበት ቢወደድም እንመርጠዋለን። ቀጭን የማራዘሚያ ገመድ ሞተሩን ስለሚያቃጥል፣ ከኤሌክትሪክ ገመዱ ይልቅ የአየር ቱቦውን ማርዘም ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ውሃው ነው። የተጨመቀ አየር ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ከማጠራቀሚያው ሥር ይተኛል። ማታ ማታ ግፊቱ ዝቅ ተደርጎ ከሥር ባለው መክፈቻ ካልፈሰሰ ብረቱ ከውስጥ እየዛገ ይሳሳል፤ ሊፈነዳና ሰው ሊገድልም ይችላል። የላዩ ቀለም እንደ አዲስ ስለሚያብረቀርቅ ማንም አይጠረጥርም። ዝጎ የሸነቆረ ማጠራቀሚያ ከሥራ ይወጣል እንጂ አይበየድም። ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍሰውን ቫልቭ በሽቦ ማሰርም በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

የፓምፕ የወረቀት አየር ማጣሪያ ሲጸዳ ከ2 ባር ባልበለጠ ግፊት ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋል። በዚህ አየር ልብስ ማራገፍ ዓይን ስለሚያጠፋ ሊከለከል ይገባል።

መሣሪያው በተገዛበት ዕለት ውሃውን የሚያፈሰው ሰው በስም ተመርጦ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።