የኪቦርድ ፎከስ፦ መስኮት ሲከፈት ፊደሉ የት ይገባል?

ማውስ ምን እንደሚነካ ቀስቱ ያለበት ቦታ ይናገራል። ኪቦርድ ግን በስክሪኑ ላይ ቦታ የለውም፤ አንድ ቁልፍ ሲመታ ፊደሉ የትኛው ሳጥን ውስጥ መግባት እንዳለበት ከቁልፉ አይታወቅም። ስለዚህ ሲስተሙ ከኪቦርድ የሚመጣውን በየጊዜው ለአንድ ተቀባይ ብቻ ያደርሳል። ይህ የተቀባይነት ተራ ፎከስ ይባላል። ተራው የመጻፊያ ሳጥን ሲሆን ከርሰሩ ብልጭ ድርግም ይልበታል፤ አዝራር ሲሆን ደግሞ ዙሪያው በነጠብጣብ ወይም በቀለም መስመር ይከበባል። ተጠቃሚው ጠቅ በማድረግ ወይም ታብን በመጫን ፎከሱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል።

መስኮቱ እንደተከፈተ፣ ተጠቃሚው ገና ምንም ሳይነካ፣ ፎከሱ የሚያርፍበት ቦታ መነሻ ፎከስ ነው። ፕሮግራመሩ ካልወሰነው ሲስተሙ በራሱ ደንብ ይመርጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም በታብ ቅደም ተከተል መጀመሪያ ላይ ያለውን ይወስዳል። ምርጫው ሁልጊዜ ከሥራው ጋር አይገጥምም። ከላይ አዝራሮች ተደርድረው ከታች የመጻፊያ ሳጥን ባለበት መስኮት ፎከሱ የመጀመሪያው አዝራር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ተጠቃሚው መጻፍ ሲጀምር ፊደሎቹ የትም አይገቡም፤ በቃላት መካከል ክፍተት ለመተው ስፔስን ሲመታ ደግሞ አዝራሩ ይጫናል።

ትክክለኛው ቦታ የሚታወቀው ተጠቃሚው መስኮቱን ለምን እንደከፈተ በመጠየቅ ነው። በመግቢያ መስኮት ፎከሱ የተጠቃሚ ስም ላይ ይሆናል፤ ስሙ ካለፈው ጊዜ ተሞልቶ ከቆየ ግን ወደ ይለፍ ቃሉ ማለፍ አለበት። በመፈለጊያ መስኮት መፈለጊያው ሳጥን፣ በቅጽ ላይ መጀመሪያ መሞላት ያለበት ባዶ ቦታ ይመረጣል። ቀኑን ሙሉ ቅጽ ለሚሞላ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መነሻው ከተሳሳተ ለእያንዳንዱ ቅጽ እጁን ከኪቦርድ አንሥቶ ማውስ መያዝ ይኖርበታል።

በዊንዶውስ መሠረታዊ ኤፒአይ ዳያሎግ ሊታይ ሲል ሲስተሙ ለፕሮግራሙ «ደብሊውኤም ኢኒት ዳያሎግ» የተባለ መልእክት ይልካል። ከመልእክቱ ጋርም ፎከሱን ለማን ለመስጠት እንዳሰበ ይጠቁማል፤ ይኸውም ከሚታዩት፣ ካልታገዱትና በታብ ከሚደረስባቸው መካከል የመጀመሪያው ነው። ፕሮግራሙ «ትሩ» ብሎ ከመለሰ ሲስተሙ ያሰበውን ይፈጽማል። ፕሮግራመሩ በ«ሴት ፎከስ» ሌላ መርጦ ከሆነ ግን መልሱ «ፎልስ» መሆን አለበት፤ ያለዚያ የመረጠውን ሲስተሙ ወዲያው ይሽረዋል።

ከቦታው ይልቅ ፕሮግራመሮችን የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። የጃቫው ስዊንግ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በ2002 የወጣው ጃቫ 1.4 የፎከስ አሠራሩን እንደ አዲስ ካደራጀ ወዲህ የሚመከረው ትእዛዝ «ሪኩዌስት ፎከስ ኢን ዊንዶው» ነው። ትእዛዙ ስሙ እንደሚለው ጥያቄ ብቻ ነው። «ፎልስ» ከመለሰ ጥያቄው በእርግጠኝነት አልተሳካም፤ «ትሩ» ከመለሰ ግን ሊሳካ ይችላል ማለት እንጂ ተሳክቷል ማለት አይደለም። ዝውውሩ በኢቨንት ወረፋ በኩል ስለሚያልፍ ፎከሱ በእርግጥ መድረሱ የሚታወቀው «ፎከስ ጌይንድ» የተባለው ኢቨንት ሲመጣ ነው።

ሳጥኑ ገና በመስኮት ላይ ሳይቀመጥ፣ ለምሳሌ እንደተፈጠረ በሚቀጥለው መስመር፣ የቀረበ ጥያቄ ከንቱ ይቀራል። ለተራ መስኮት የሚሠራው ቅደም ተከተል መጀመሪያ «ፓክ»፣ ቀጥሎ የፎከስ ጥያቄው፣ በመጨረሻ «ሴት ቪዚብል» ነው። ሞዳል ዳያሎግ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፦ «ሴት ቪዚብል» ዳያሎጉ እስኪዘጋ ድረስ ስለማይመለስ ከእሱ በታች የተጻፈ የፎከስ ጥያቄ የሚፈጸመው ተጠቃሚው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ነው። ጥያቄውን ቀድሞ ማቅረብ ወይም «ዊንዶው ኦፕንድ» ለተባለው ኢቨንት በተመዘገበ ኮድ ውስጥ ማስቀመጥ ችግሩን ይፈታዋል።

ሌሎች የግራፊክስ ላይብረሪዎች ጊዜውን በየራሳቸው መንገድ ይይዙታል። በዊንዶውስ ፎርምስ «ሎድ» በሚባለው ደረጃ መስኮቱ ገና ስላልታየ «ፎከስ» የሚለው ትእዛዝ አይሠራም፤ «አክቲቭ ኮንትሮል» የተባለውን ፕሮፐርቲ መሙላት ግን ይሠራል። ኪውት መስኮቱ ንቁ ባይሆንም ጥያቄውን ይዞ ይቆይና ንቁ ሲሆን ይፈጽመዋል። የማክ ኮኮዋ ደግሞ ለእያንዳንዱ መስኮት «ኢኒሻል ፈርስት ሪስፖንደር» የሚባል ቦታ አዘጋጅቷል፤ ፕሮግራመሩ የሚፈልገውን ሳጥን እዚያ አስቀድሞ ይመዘግባል።

መነሻ ፎከስና ነባሪ አዝራር ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ነባሪ አዝራር ፎከሱ የመጻፊያ ሳጥን ላይ እያለ እንኳ ኢንተር ሲመታ የሚጫነው ነው፤ ስዊንግ ውስጥ «ሴት ዲፎልት በተን» በሚለው ትእዛዝ ይወሰናል። ፋይል የሚያጠፋ ወይም ሥራ የሚያበላሽ ጥያቄ ሲቀርብ ሁለቱም አደጋ በሌለው መልስ ላይ ቢያርፉ ይመረጣል፤ በልማድ ኢንተርን የሚመታ እጅ ያኔ ጉዳት አያደርስም። የዊንዶውስ «መሴጅ ቦክስ» ለዚህ ሲባል ሁለተኛውን አዝራር ነባሪ ማድረግ የሚያስችል «ኤምቢ ዴፍ በተን 2» የተባለ ምርጫ አለው።

ፎከስን በመስኮቱ ውስጥ ማስተካከል የፕሮግራመሩ ሥራ ነው፤ ተጠቃሚው ሌላ ፕሮግራም ላይ እየሠራ ሳለ መንጠቅ ግን አይገባም። የይለፍ ቃል እየጻፈ ያለ ሰው ፊት ድንገት ሌላ መስኮት ቢደነቀር ቀሪዎቹ ፊደላት በግልጽ የሚታዩበት ሳጥን ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ከዊንዶውስ 98 እና ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ሲስተሙ ይህን ይገድባል፤ ሊነጥቅ የሞከረው ፕሮግራም ወደ ፊት ከመውጣት ይልቅ በታስክባሩ ላይ ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቃል።

አማርኛ በሚጻፍበት ጊዜ የዘገየ ዝውውር ሌላ ጉዳት አለው። በድምፅ አጻጻፍ አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ከሁለት ምት ይፈጠራል፤ የመጀመሪያው ተነባቢውን፣ ቀጣዩ አናባቢውን ይሰጣል። ፎከሱ በመካከል ቢዛወር የመጀመሪያው ሳጥን ሳድስ ፊደል ይዞ ሊቀር፣ አናባቢውም ብቻውን ሌላ ቦታ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ መነሻው ተጠቃሚው መጻፍ ከመጀመሩ በፊት መረጋጋት አለበት።

ዐይነ ስውራን የሚጠቀሙባቸው እንደ ኤንቪዲኤ ያሉ ስክሪን ሪደሮች ፎከሱ ያረፈበትን ኮምፖነንት ስምና ዓይነት ያነባሉ። መነሻው መሃል ላይ ከተደረገ ከእሱ በላይ ያለው መመሪያ ሳይሰማ ሊታለፍ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን መመሪያውን ከሳጥኑ መግለጫ ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። ማውስ መያዝ የማይችሉ ሰዎች ደግሞ ያሉበትን የሚያውቁት በፎከሱ መስመር ስለሆነ ለውበት ተብሎ መስመሩን ማጥፋት መንገዳቸውን መዝጋት ነው።

ሥራው የሚፈተነው ማውሱን ትቶ ነው፦ መስኮቱን ከፍቶ ወዲያው መጻፍ፣ በታብ እስከ መጨረሻው መሄድ፣ በኢንተር መጨረስ። ከዚያ ያው መስኮት ተዘግቶ እንደገና መከፈት አለበት። ስዊንግ መነሻ ፎከስን የሚመርጠው መስኮቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ብቻ ነው፤ «ዊንዶው ኦፕንድ»ም የሚመጣው አንድ ጊዜ ነው። ተደብቆ የተመለሰ መስኮት ፎከሱን ባለፈው ጊዜ ከነበረበት ስለሚያገኘው ደጋግሞ በሚከፈት ዳያሎግ ላይ ጥያቄው በየመክፈቻው መታደስ ይኖርበታል።