ከሸክላ ወደ ኮምፒውተር

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ካቋቋመ በኋላ የዓለማየሁ እሸቴና የሌሎችም ድምፅ በትንንሽ ሸክላዎች ከየቤቱ ገባ። በየገጹ አንድ ዘፈን፣ በደቂቃ 45 ዙር። ከዘመኑ ሸክላዎች ብዙዎቹ በኢትዮፒክስ ሲዲዎች እንደገና ታትመዋል። ያልታተሙት ግን ዛሬም በየቁም ሳጥኑ ተደርድረዋል። እነዚህን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ በቤት ውስጥ የሚቻል ሥራ ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል።

ዋናው ነገር መርፌው ነው። የአልማዝ ጫፉ የቦዩን ሁለት ግድግዳዎች እየዳሰሰ ይንቀጠቀጣል፤ ካርትሪጁም ንቅናቄውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ያ ኤሌክትሪክ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ቀጭኑ ደግሞ ከፍ ይደረጋል። ወፍራሙ እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩ ሰፍቶ ቦታ ይጨርሳል፣ መርፌውም ይዘላል። የተቀነሰውን የሚመልሰው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው መሣሪያ ነው። ያለ እሱ ማጫወቻውን በቀጥታ ከኮምፒውተር ማይክ መሰኪያ ጋር ያገናኘ ሰው የቤዝ ጊታሩን አያገኘውም፤ ድምፁ ሁሉ ቀጥኖ ይቀራል። የዩኤስቢ ገመድ ያላቸው አዳዲስ ማጫወቻዎች ግን መሣሪያውን በውስጣቸው ይዘዋል።

ሸክላው አስቀድሞ በተጣራ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ፣ የቦዩን አቅጣጫ ተከትሎ ይታጠብ፤ በደንብም ይድረቅ። አቧራ ከመርፌው ሥር ከገባ የሚቀዳው እሱ ነው። ለመቅጃ ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ከመቅዳት በፊት የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ አጫውቶ መለኪያውን ከጣሪያው 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ማድረግ ይገባል፤ ጣሪያ ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ እንደነበረ አይመለስም። በሞኖ የተቀረጸ ሸክላ ከሆነ ግራና ቀኙን መደመር ጥሩ ነው፤ ከመርፌው ወደ ላይና ወደ ታች መዝለል የሚመጣው ጫጫታ በከፊል ይጠፋል።

ብዙዎች የሚያበላሹት ከዚህ በኋላ ነው። ጫጫታ ማጥፊያውን እስከ መጨረሻው ሲገፉት የሳክስፎኑ ትንፋሽና የሲምባሉ ብልጭታ አብሮ ይታጠባል። እኔ ብሆን ጥቂት ትክትክታ ቢቀርበት እመርጣለሁ። ለማንኛውም ያልተነካው ቅጂ በዋቭ ወይም በፍላክ ይቀመጥ፤ ለስልክ የሚሆነው ኤምፒስሪ ከእሱ ይወጣል። የሸክላው መሃል ወረቀትም በሁለቱም ገጽ ፎቶ ይነሳ፤ የዘፋኙ ስም፣ አሳታሚውና የሸክላው ቁጥር ያሉት እዚያ ላይ ነውና።