የውኃ ተርብን ስለ ማወቅና ከወባ ስለ መጠበቅ

ዝናም አባርቶ ፀሐይ በወጣ ጊዜ፥ አራት ክንፍና ታላላቅ ዓይኖች ያሉት ቀጭን ፍጥረት በኩሬና በጅረት ዳር ሲበር ይታያል። ይህም የውኃ ተርብ የሚባለው ነው። ስሙ ተርብ ይባል እንጂ መንደፊያ የለውም፤ ሰውንም አይጎዳም። በአገራችን ወደ 100 የሚጠጉ ዓይነቶች መኖራቸው ታውቋል።

ወገኑ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሰውነቱ ደንደን ያለ ሲሆን፥ ባረፈ ጊዜ ክንፎቹን እንደ አውሮፕላን ዘርግቶ ይቀመጣል። ሁለተኛው እንደ ስንደዶ የቀጠነ፥ ዓይኖቹም የተራራቁ ሆነው፥ አብዛኛውን ጊዜ ክንፎቹን በጀርባው ላይ አጥፎ ያርፋል። ሊመለከታቸው የሚሻ ሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ፥ ፀሐይ ሞቅ ስትል፥ በውኃው ዳር በጸጥታ ይቁም። በቄጠማ ወይም በደንገል ላይ ተጣብቆ የቀረ ባዶ ቅርፊት ቢያገኝ፥ ፍጥረቱ ከዚያው ውኃ ወጥቶ ክንፍ ማውጣቱን ይረዳል።

የውኃ ተርብ እጭ በውኃ ውስጥ አድፍጦ፥ የታችኛውን ከንፈሩን በድንገት በመወርወር የቢምቢን እጭ ይዞ ይበላል። ካደገም በኋላ ቢምቢን በአየር ላይ ያድናል። ስለዚህ ልጆች እየያዙ እንዳይገድሉት መምከር ይገባል።

ነገር ግን የውኃ ተርብ ባለበት ወባ የለም ብሎ መዘናጋት አይገባም። የቢምቢ እጭ በሞቃት ስፍራ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት አድጎ ይበራል፤ የውኃ ተርብ እጭ ግን ብዙ ሳምንታት ወይም ወራት፥ አንዳንዱም ዓመታት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የከብት ኮቴ በቆፈረው ጉድጓድ፥ በመንገድ ዳር ባቆረ ውኃና ክዳን በሌለው በርሜል ውስጥ፥ የውኃ ተርብ ሳይደርስለት ቢምቢው አድጎ ይወጣል። በተለይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ቢምቢ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ይራባል።

እንደዚሁም የውኃ ተርብ የሚታይበት ውኃ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። እንደ ጣና ዳርቻ ባሉ፥ የውኃ ቀንድ አውጣ በሚኖርባቸው ስፍራዎች የብልሃርዝያ በሽታ ስለሚገኝ፥ ተመልካቹ ከዳር ሆኖ ይመልከት እንጂ እግሩን ወደ ውኃው አያግባ፤ ሳያፈላም አይጠጣው።

ስለዚህ እያንዳንዱ የቤት ኃላፊ በርሜሉንና እንስራውን ይክደን፤ በሳምንት አንድ ጊዜም አፍስሶ ውስጡን ይፈግፍግ፤ በግቢው ያቆረውን ውኃ ያፋስስ፤ ቤተ ሰቡንም በአጎበር ውስጥ ያስተኛ። ትኩሳት የያዘው ሰው ቢኖር ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው። በኩሬው የውኃ ተርብ ይረዳናል፤ በቤታችንና በግቢያችን ያለውን ቢምቢ ማጥፋት ግን የራሳችን ሥራ ነው።