የቦስ ፍልሚያ

የቦስ ፍልሚያ በቪዲዮ ጌም ውስጥ ተጫዋቹ ከተራ ጠላቶች እጅግ የበረታ ባላጋራ የሚገጥምበት ክፍል ነው። ቦስ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «አለቃ» ማለት ሲሆን አማርኛ ተናጋሪ ተጫዋቾችም ሳይተረጉሙ ይጠቀሙበታል። ቦሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በአንድ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱን ሳያሸንፉ ወደሚቀጥለው ማለፍ በብዙ ጨዋታዎች አይቻልም። ይህ ጽሑፍ በተለይ አክሽን አርፒጂ በሚባሉት፣ ማለትም የገጸ ባሕርይ እድገትንና የቅጽበት ውጊያን በሚያጣምሩ ጨዋታዎች ውስጥ ቦስ እንዴት እንደሚነደፍ፣ ተጫዋቹ ምቱን እንዴት እንደሚያመልጥና በዚህ ላይ የሚነሣውን ክርክር ይመለከታል።

አመጣጥ

የመጀመሪያው ቦስ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1975 ፕላቶ በተባለው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የተሠራው «ዲኤንዲ» የተሰኘ ጨዋታ ውስጥ ያለው ወርቃማ ዘንዶ ነው። ዘንዶው የጨዋታውን የመጨረሻ ሀብት ይጠብቃል።

ምትን አይቶ የማምለጥ ጥበብ በግልጽ የታየው ግን በኒንቴንዶ የቦክስ ጨዋታ «ፓንች አውት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ለቤት ማጫወቻ በወጣው በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጋጣሚ ከመምታቱ በፊት ምልክት ይሰጣል፦ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ትከሻውን ያነሣል፣ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ምልክቱን ያጠና ተጫዋች ዞር ብሎ ያሳልፍና መልሶ ይመታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «ኦካሪና ኦፍ ታይም» ደግሞ የተጫዋቹን እይታ በአንድ ጠላት ላይ የሚያስር ስልት በሦስት አውታር ዓለም ውስጥ አስለመደ። ይህ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምናውቀው በቦስ ዙሪያ እየዞሩ የመፋለም ስልት አስቸጋሪ በሆነ ነበር። በ2004 የወጣው የካፕኮም «ሞንስተር ሀንተር» ሌላ ሕግ ጨመረ፤ ተጫዋቹ አንዴ መሣሪያውን ካነሣ እንቅስቃሴው እስኪያልቅ ሐሳቡን መለወጥ አይችልም።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ያሰባሰበው ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። በሂደታካ ሚያዛኪ መሪነት የተሠራው «ዲመንስ ሶልስ» እ.ኤ.አ. በ2009 ለፕሌይስቴሽን 3 ወጣ። ተከትለውትም «ዳርክ ሶልስ» በ2011፣ «ብለድቦርን» በ2015፣ «ሴኪሮ» በ2019፣ «ኤልደን ሪንግ» ደግሞ በ2022 ወጥተዋል። የእነሱን መንገድ የተከተሉ የሌሎች ኩባንያዎች ጨዋታዎች «ሶልስላይክ» ይባላሉ፤ የደቡብ ኮሪያው «ላይስ ኦፍ ፒ» አንዱ ነው።

አንድ ምት ከውስጥ ሲታይ

የቦስ ምት ለተመልካች አንድ እንቅስቃሴ ይመስላል፤ ለፕሮግራሙ ግን ሦስት ደረጃዎች አሉት፦ ዝግጅት፣ ምት እና መመለሻ። በዝግጅት ጊዜ መሣሪያው ይነሣል እንጂ አይጎዳም። በምት ጊዜ በመሣሪያው ዙሪያ የማይታይ ቅርጽ ይበራል፤ ይህ ሂትቦክስ ይባላል። የቦሱ ሂትቦክስ የተጫዋቹን ገላ ከሸፈነው ቅርጽ ጋር ከተነካካ ጉዳት ይቆጠራል። በመመለሻ ጊዜ ቦሱ ወደ ነበረበት አቋም ይመለሳል፤ ተጫዋቹ የሚያጠቃውም ያኔ ነው።

ጊዜው የሚለካው በፍሬም ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም በሚያሳይ ጨዋታ አንዱ ፍሬም ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ተጫዋቹ የማምለጫ ቁልፉን ሲጫን ገጸ ባሕርዩ ይንከባለላል። በመንከባለሉ መጀመሪያ ላይ ባሉት ጥቂት ፍሬሞች ገጸ ባሕርዩን የሚነካው ምንም ነገር የለም፤ ሰይፍ በሰውነቱ መካከል ቢያልፍ እንኳ ፕሮግራሙ አይቆጥረውም። አዲስ ተጫዋቾችን በጣም የሚያሳስተው ይህ ነጥብ ነው። ከምቱ መሸሽ እንዳለባቸው ያስባሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ትክክለኛው አቅጣጫ ወደ ምቱ ነው፣ ምክንያቱም ወደ ሰይፉ የተንከባለለ ሰው ሂትቦክሱን ቶሎ አልፎ ከቦሱ ጀርባ ይገኛል። ወደ ኋላ የሸሸው ግን ሰይፉ እየተከተለው ስለሚሄድ የማይመታበት ጊዜ ካለቀ በኋላ ይደርስበታል።

ለግንዛቤ እንዲረዳ አንድ የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ቦስ መዶሻ 40 ፍሬም ዝግጅት፣ 6 ፍሬም ምት እና 50 ፍሬም መመለሻ አለው እንበል። ስለዚህ መዶሻው የሚጎዳው ከ41ኛው እስከ 46ኛው ፍሬም ብቻ ነው። የተጫዋቹ መንከባለል በጠቅላላ 40 ፍሬም ሲፈጅ የማይመታው በመጀመሪያዎቹ 24 ፍሬሞች ነው። መዶሻው ሲነሣ ደንግጦ በ10ኛው ፍሬም ላይ የተንከባለለ ሰው እስከ 33ኛው ድረስ ብቻ ይጠበቃል። መዶሻው በ41ኛው ሲያርፍ ገና ከመሬት እየተነሣ ነውና ይመታል። ታግሶ በ38ኛው ፍሬም የተንከባለለው ግን እስከ 61ኛው ድረስ ስለማይመታ መዶሻው በላዩ አልፎ ይሄዳል። እሱ በ77ኛው ጨርሶ ይነሣል፤ ቦሱ የሚመለሰው በ96ኛው ነው። የተጫዋቹ ሰይፍ ለማረፍ 18 ፍሬም የሚፈልግ ከሆነ ልክ አንድ ጊዜ መምታት ይችላል። ሁለተኛውን የሚሞክር ሰው በቦሱ ቀጣይ ምት ላይ ይወድቃል፤ ተጫዋቾች ይህን ስግብግብነት ይሉታል።

የሰው ልጅ በዓይኑ ላየው ነገር እጁን ለማንቀሳቀስ ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ ይህም በ60 ፍሬም ሲሰላ ከ12 እስከ 15 ፍሬም ነው። ዝግጅቱ ከዚህ ያነሰ ምት አይቶ ማምለጥ አይቻልም፤ አስቀድሞ መገመት ወይም ከርቀቱ መውጣት ብቻ ነው የሚያዋጣው።

የማምለጫ መንገዶች

ጨዋታዎቹ ማምለጥን በተለያየ ዋጋ ይሸጣሉ። በ«ዳርክ ሶልስ» የለበሱት ጥሩርና የያዙት መሣሪያ ክብደት መንከባለልን ይወስናል፤ ከመሸከም አቅም ሩብ በታች የያዘ ቀልጠፍ ይላል፣ ከግማሽ በላይ የያዘ ይንገዳገዳል። በ«ኤልደን ሪንግ» ወሰኖቹ 30 እና 70 በመቶ ናቸው። «ዳርክ ሶልስ 2» ደግሞ የማይመታበትን የፍሬም ብዛት ከአንድ የገጸ ባሕርይ ችሎታ ጋር አገናኘው፤ ያንን ችሎታ ያላሳደገ ሰው በትክክለኛው ቅጽበት ተንከባሎም ሊመታ ይችላል። ይህ ውሳኔ እስካሁን የሚተች ሲሆን ትችቱም ተገቢ ይመስላል፤ ተጫዋቹ የተሳሳተው እጁ ይሁን ቁጥሩ ማወቅ ያቅተዋልና።

«ብለድቦርን» ጋሻን ከሞላ ጎደል አስወግዶ አጭር ፈጣን እርምጃ ሰጠ፤ የተመታ ሰው ቶሎ መልሶ ከመታም የጠፋበትን ሕይወት በከፊል ያስመልሳል። «ሴኪሮ» ከሁሉም የተለየ ነው። እዚያ መሸሽ ደካማ መንገድ ሲሆን ዋናው ነገር ሰይፍን በሰይፍ በትክክለኛው ቅጽበት መመከት ነው። እያንዳንዱ የተሳካ መመከት የቦሱን ሚዛን ያናጋል፤ ሚዛኑ ሲሞላ ቦሱ በአንድ ምት ይወጋል። ሊመከት የማይችል ምት ሲመጣ ቀይ የጽሕፈት ምልክት በማያው ላይ ይታያል፤ ወለል ጠራጊ ከሆነ ይዘለላል፣ ወጊ ከሆነ በእግር ይረገጣል።

የፈረስ ጉግስን ያየ ሰው ልዩነቱን በቀላሉ ይረዳል። በጉግስ የሚሸሸው ፈረሰኛ የተወረወረበትን ዘንግ በጋሻው ይመክታል ወይም ወደ ፈረሱ ጎን ተለጥፎ ያሳልፋል። የማይመታበት ፍሬም የለውም፤ ዘንጉ ካገኘው አገኘው ነው። በጨዋታ ቋንቋ ጉግስ ንጹሕ የሂትቦክስ ውጊያ ነው ማለት ይቻላል።

የዘገየ ምትና ክርክሩ

ተጫዋቾች ለዓመታት መሣሪያ ሲነሣ ወዲያው መንከባለልን ለመዱ። የጨዋታ ሠሪዎቹ መልስ የዘገየ ምት ነበር። የ«ኤልደን ሪንግ» የመጀመሪያው ትልቅ እንቅፋት የሆነው ማርጊት ዘንጉን አንሥቶ ከሚጠበቀው በላይ ያቆየዋል፤ የቸኮለው ተጫዋች ተንከባሎ ሲነሣ ያኔ ያወርድበታል። ከዚህም ሌላ ተጫዋቹ የመድኃኒት ጠርሙስ ሲያነሣ ወዲያው የሚያጠቁ ቦሶች እንዳሉ ብዙዎች አስተውለዋል።

ይህን የሚቃወሙ ወገኖች የዘገየ ምት ከተፈጥሮ ውጭ ነው ይላሉ። ከባድ መሣሪያ ያነሣ አካል በአየር ላይ ሊያቆየው አይችልም፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ማየቱን ትቶ ቁጥር ለመሸምደድ ይገደዳል። የሚደግፉት ደግሞ አንድ ብልኃት ሁሉንም ቦስ የሚያሸንፍ ከሆነ ፍልሚያው ሞቷል ባይ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሷት ማሌንያን ነው። እሷ በመታች ቁጥር፣ ምቱ በጋሻ ቢመከት እንኳ፣ ሕይወቷ ይመለሳል፤ ተከታታይ የሰይፍ ውርጅብኝ ያለው ስልቷም በቅርብ ለቆመ ሰው መውጫው በጣም ጠባብ ነው። ከጋሻ ጀርባ መደበቅን መቅጣቱ ብልህ ንድፍ ነው። የውርጅብኙን ማምለጫ ተጫዋቹ በመሞከር ብቻ ሊያገኘው አለመቻሉ ግን ደካማ ጎኑ ነው፤ ብዙዎች መፍትሔውን የተማሩት ከሌላ ሰው ቪዲዮ ነው።

አንዳንዴ ክርክሩ ንድፉን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በወጣው «ሻዶ ኦፍ ዘ ኤርድትሪ» የተሰኘ ተጨማሪ ክፍል የመጨረሻው ቦስ ራዳን ነበር። ብርሃኑ የገዛ ምቱን ይሸፍናል፣ ከምቶቹም አንዳንዶቹ በቂ ክፍተት የላቸውም የሚል ቅሬታ በዛ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በወጣው 1.14 ቁጥር ማሻሻያ ኩባንያው የአንዳንድ ምቶችን አኳኋንና ጉዳት ቀነሰ፤ የሚታዩትንም ብርሃኖች አስተካከለ።

የችግር ደረጃ ምርጫ

ሌላው ክርክር የተነሣው «ሴኪሮ» በ2019 ሲወጣ ነው። ጨዋታው ቀላል ደረጃ ስለሌለው እጃቸው እንደልብ የማይታዘዝላቸው ወይም የማየት ችግር ያለባቸው ሰዎች ከጨዋታው ውጭ ሆነዋል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ተቃራኒው ሐሳብ ሁሉም ተጫዋች አንድ ዓይነት ግድግዳ መግጠሙ ራሱ የጨዋታው ይዘት ነው የሚል ነበር። «ኤልደን ሪንግ» መካከለኛ መንገድ ወሰደ። የደረጃ ምርጫ ባይኖረውም ያቃተው ሰው ቦሱን ትቶ ሌላ አገር ዞሮ፣ ጠንክሮ ሊመለስ ይችላል፤ መናፍስትን ወይም ሌሎች ተጫዋቾችን ለእርዳታ ይጠራል። «ላይስ ኦፍ ፒ» ግን ከወጣ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በ2025 የደረጃ ምርጫ ጨመረ፤ የቀድሞውንም ደረጃ ሳይነካ ተወው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ወጣቶች ጌም የሚጫወቱት በፕሌይስቴሽን ቤቶች ውስጥ ነው። ሂሳቡ በጨዋታ ወይም በሰዓት ስለሚከፈል የእግር ኳስ ጨዋታ ይመቻል፤ ሁለት ሰው ተጫውቶ፣ ተሸናፊው ከፍሎ ይነሣል። አንድን ቦስ ሠላሳ ጊዜ እየሞቱ ማጥናት ግን በሰዓት ለሚከፍል ሰው ሌላ ስሌት ነው። «ሞት የትምህርቱ አካል ነው» የሚለው የአድናቂዎች አነጋገር ማጫወቻው የራስ እንደሆነ አስቀድሞ ይገምታል። ከቦሱ እስከ መነሻው ያለው የመልስ ጉዞ ረጅም በሆነባቸው የቀድሞ ጨዋታዎች ከፍተኛው ወጪ ፍልሚያው ሳይሆን መንገዱ ነው። «ኤልደን ሪንግ» ከብዙ ቦሶች አጠገብ መነሻ ማስቀመጡ በዚህ በኩል ትልቅ እፎይታ ነው።

ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት በይፋ ከሚከፈትባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ያለ ኢንተርኔት የሚጫወት ሰው ሌሎች ተጫዋቾች መሬት ላይ የጻፏቸውን ምክሮች አያይም፣ ረዳትም ከሌላ ሰው መጥራት አይችልም፤ የሚቀሩት ጨዋታው ራሱ የሚሰጣቸው መናፍስት ናቸው። ማሻሻያም አይደርሰውም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቦስ ሲከራከሩ በተለያየ ቁጥር የተጻፉ ሁለት ቦሶችን እየተናገሩ ሊሆን ይችላል።

መብራት ሲቋረጥ የሚጠፋው ከሚፈራው ያነሰ ነው፤ እነዚህ ጨዋታዎች እድገትን ቶሎ ቶሎ በራሳቸው ይመዘግባሉ። ፍልሚያው ግን ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ በመመዝገብ ላይ እያለ ከጠፋም ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ብዙም የማይታሰብበት ሌላ ነገር ቴሌቪዥኑ ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ምስሉን ለማሳመር ሲሉ ያዘገዩታል። መዘግየቱ 100 ሚሊሰከንድ ከደረሰ በ60 ፍሬም ሲሰላ 6 ፍሬም ይሆናል፤ ጆይስቲኩን በትክክለኛው ሰዓት የተጫነ የመሰለው ሰው ዘግይቷል። ከቅንብሩ ውስጥ የጌም ሁነታ የሚለውን ማብራት አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል።

በአገር ውስጥ ከተሠሩት መካከል የቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የሚጠቀስ ሲሆን እሱም የሞባይል ስልክ ጨዋታ ነው። በሩጫ የምታመልጥ ዶሮ መሰናክሎችን እየዘለለችና ጎን እየቀየረች ትሄዳለች። የማይመታበት ፍሬም ላይ የተመሠረተ መንከባለል የለበትም፤ ማምለጫው እንደ ጉግሱ ከመንገዱ መውጣት ነው።