ከ5,000 ተከታይ በላይ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሞጣ ከተማ ውስጥ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተቃጠሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አጸደቀ፤ ረቂቁ ግን ቀድሞም ተሰናድቶ ነበር። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። መረጃው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከወጣ ደግሞ እስራቱ እስከ 3 ዓመት፣ መቀጮውም እስከ 100,000 ብር ያድጋል። 4,900 ተከታይ ያለውስ? አንድ ወሬ ከተማ ለማዳረስ ያን ያህል ሰው መቼ ይፈልጋል!

አዋጁ ተጠያቂ የሚያደርገው ተናጋሪውን ነው። የኢንተርኔት መስመር መቁረጥ ግን ሁሉንም በአንድ ያዳፍናል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ከፕሬስ ነፃነት ጋር ቢያሰፍርም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ዳታ ሲጠፋ የክልሉ ከተማ የቢቸና ጤፍ ነጋዴ የአዲስ አበባን ዋጋ በቴሌግራም ማየቱን ትቶ እዚያው እህል በረንዳ ገበያ ላለ ደንበኛው ይደውላል። ብሩንም በቴሌብር *127# ብሎ ይልካል፣ ኔትወርክ ካለ።