ሳተ፣ አሳተ፣ ተጋደለ፦ የማይታየው ውጊያ አነጋገር በአማርኛ

1. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በክርስትና እምነት «ረቂቅ ፍልሚያ» ወይም «የማይታይ ውጊያ» የሚባለው ሐሳብ በአማርኛ አነጋገርና ሥነ ጽሑፍ እንዴት እንደሚገለጽ ማሳየት ነው። ሰይጣን አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክር እዚህ አይነሣም፤ ያ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ድርሻ ነው። የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ሰው ስለ ደረሰበት ፈተና ሲናገር የትኛውን ግሥ ይመርጣል? የግሡን ባለቤት ማንን ያደርጋል? ተሳቢውስ ማን ነው? ጥፋቱስ በዚህ አመራረጥ መሠረት በማን ላይ ይወድቃል?

ወደዚህ ጥያቄ የመራኝ መጽሐፍ አይደለም። በልጅነቴ በድሬዳዋ ከተማ፣ በከዚራ ሠፈር፣ በቤታችን የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ ከዚያ እነሣለሁ።

2. በከዚራ የሆነው

ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚራ በባቡር ጣቢያው አካባቢ በዕቅድ የተሠራ፣ ጎዳናው ቀጥ ያለና ዛፍ የበዛበት ሠፈር ሲሆን፣ ከመጋላ የሚለየው አሸዋማው የደቻቱ ወንዝ ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን የሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል በዓል ሲቃረብ ከተማዋ በመንገደኛ ትሞላለች። ከሩቅ አገር የመጣው ምዕመን እዚህ አርፎ የደንገጎን ዳገት ይያያዘዋል።

አያቴ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስላ ነበር። እንጀራ እየሸጠች ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀመችውን ገንዘብ በመሐረብ ቋጥራ ከሣጥኗ ውስጥ፣ ከልብሷ ሥር ታኖረው ነበር። በዓሉ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ በተኛበት ሰዓት፣ ታናሽ አጎቴ ሣጥኑን ሲከፍት አየሁት። እሱም እንዳየሁት አየ። ሃምሳ ሳንቲም በእጄ አስጨበጠኝና «አላየህም፤ እሺ ማሙሽ?» አለኝ። እኔም በሃምሳ ሳንቲሙ ሙሸበክ ገዝቼ በላሁ። እሱ ደግሞ የቀረውን በካርታ ጨዋታ ተበላ።

መሐረቡ ባዶ ሆኖ በተገኘ ቀን አጎቴ በአያቴ እግር ሥር ወደቀና «እማ፣ ሰይጣን አሳተኝ» አላት። ለማስታረቅ የገቡት ሙስሊም ጎረቤታችንም «ሸይጧን ወስውሶት ነው፤ ተዪው፣ ልጅሽ አይደል» እያሉ ይለምኑላት ጀመር። አያቴ ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ «አሳተኝ አልክ፤ እሺ ያሳትህ። የሳተው ግን ማን ነው?» አለችው። ይህን ብላ ወደ እኔ ዞር ስትል ማልቀስ ጀመርኩ። ማንም አልነካኝም፤ የጠየቀኝም ሰው አልነበረም።

3. የ«አሳተ» ሰዋስው

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ይሁን እንጂ ጥያቄዋ የሰዋስው ጥያቄ ነበር። «ሳተ» የሚለው ግሥ ካሰቡት ነገር መራቅን ያመለክታል። ተኳሽ ዒላማ ይስታል፤ መንገደኛ መንገድ ይስታል። በዚህ ግሥ ላይ «አ-» የሚለው ባዕድ መነሻ ሲታከልበት «አሳተ» ይሆናል። ይህ ባዕድ መነሻ አዲስ ባለቤት ያመጣል እንጂ የቀድሞውን አድራጊ አያጠፋውም። «እናት ልጇን አበላች» ስንል ያጎረሰችው እናት ብትሆንም ያኘከውና የዋጠው ልጁ ነው። እንደዚሁም «ሰይጣን አሳተኝ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት አድራጊዎች አሉ። ያሳተው ሰይጣን ነው፤ የሳትኩት እኔ ነኝ።

«መታኝ»፣ «ሰረቀኝ»፣ «ገደለኝ» ከሚሉት ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ይጎላል። በእነዚህ ውስጥ ተሳቢው ተቀባይ ብቻ ነው፤ የሠራው ነገር የለም። «አሳተኝ» የሚል ሰው ግን ራሱን የተመታ አስመስሎ ያቅርብ እንጂ፣ የመረጠው ግሥ የእርሱንም ሥራ ይዞ ይወጣል። ቋንቋው ለተናጋሪው ከፈለገው በላይ ይናገርበታል ማለት ነው።

ጎረቤታችን የተጠቀሙበት «ወስወሰ» ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ሹክሹክታን ያመለክታል። ሐሳቡ ያው ነው። ሹክ የሚል ሌላ ነው፤ ሰምቶ የሚሄደው ሌላ ነው። በከዚራ የሁለቱ ሃይማኖት ጎረቤታሞች በአንድ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስለ ፈተና ሲነጋገሩ ለመግባባት ያልተቸገሩት አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

4. «ለከፈው» እና «አሳተው»

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አማርኛ ክፉ መንፈስ በሰው ላይ አደረሰ የሚባለውን ሁሉ በአንድ ግሥ አይናገርም። «ጋኔን ለከፈው»፣ «ክፉ መንፈስ ያዘው»፣ «ዛር ሰፈረበት» ይባላል። በእነዚህ አነጋገሮች ውስጥ ሰውየው የሠራው ሥራ አይታይም፤ ነገሩ መጣበት እንጂ እርሱ አልሄደም። ስለዚህም መፍትሔው ይለያያል። የተለከፈው ወደ ጸበል ይወሰዳል፤ የሳተው ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል። የመጀመሪያው ይታዘንለታል፤ ሁለተኛው ይመከራል፣ ቀኖናም ይቀበላል።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሁለቱ ግሦች ቦታ ሲለዋወጡ ሰው ይጎዳል። አእምሮው የታመመ ሰው «አሳተው» ከተባለ በደዌው ላይ የኃጢአት ሸክም ይጨመርበታል፤ ሕክምናም ይዘገይበታል። በአንጻሩ ሚስቱን የሚደበድብ ሰው «ለክፎኝ ነው» ሲል በገዛ እጁ የሠራውን የመጣበት ደዌ ያስመስለዋል። አያቴ የአጎቴን ነገር በ«አሳተ» አስገብታ እንጂ በ«ለከፈ» አልሰማችውም። ብትሰማው ኖሮ ምሕረቷ ቀላል ይሆን ነበር፤ እሱ ግን የሚመለስበት መንገድ አይኖረውም ነበር። ያልሄደ ሰው ከየት ይመለሳል?

5. ፈተና፣ መከራ፣ ጾር፣ ገድል

በግእዙ አቡነ ዘበሰማያት «መንሱት» የተባለው ቃል በአማርኛው «ፈተና» ሆኗል። «ፈተነ» መመርመር፣ መሞከር ነው። ዛሬ ተማሪ «ፈተና አለብኝ» ሲል የሚያስበው ሌላ ቢሆንም ሥሩ አንድ ነው፤ ፈተና ያለውን ነገር አውጥቶ ያሳያል። «መከራ» ደግሞ በግእዝ «አመከረ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚዛመድ ሲሆን መሞከርን፣ መፈተንን ያመለክታል። በአማርኛ ግን የሙከራነት ትርጉሙ ደብዝዞ ሥቃይ የሚለው ብቻ ጎልቶ ቀርቷል። ሰው «መከራዬን አየሁ» ሲል ፈተናን እንደተናገረ አያስበውም።

በገዳማውያን ዘንድ የሚዘወተረው ቃል «ጾር» ነው። መነኩሴ «ጾር ተነሣብኝ» ሲል የሥጋ ወይም የሐሳብ ፈተና ገጠመኝ ማለቱ ነው። ቃሉ በግእዝ ከመሸከም ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ፈተና በዚህ አገላለጽ የሚሸከሙት ነገር ይሆናል።

«ገድል» ከሁሉም ይለያል። የአማርኛ ተናጋሪ ቃሉን ሲሰማ «መግደል» ትዝ ሊለው ይችላል። በግእዝ ግን «ተጋደለ» መታገል፣ መፎካከር ነው። ቅርጹም ሁለት ወገን ፊት ለፊት የሚገናኝበት ነው፤ እንደ «ተዋጋ»፣ እንደ «ተሟገተ»። በ«ተፈተነ» ሰው ይመረመራል፤ በ«አሳተኝ» ይረታል፤ በ«ተጋደለ» ግን ቆሞ ይመክታል። የቅዱሳን ታሪክ ሁሉ «ገድል» መባሉ የዚህ እምነት ማዕከል የሰይጣን ብርታት ሳይሆን የሰው መመከት መሆኑን ያሳያል።

6. ከገድል ወደ ልብ ወለድ

በገድላት ውስጥ ጠላት አብዛኛውን ጊዜ የሚታይና የሚዳሰስ ሥራ ይሠራል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደብረ ዳሞ ሲወርዱ ሰይጣን ገመዱን ቆረጠባቸው፤ እርሳቸው ግን ስድስት ክንፍ ተሰጣቸው ይባላል። ሠዓልያን ይህን ታሪክ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥለውታል። የማይታየው ውጊያ ለሰሚውና ለተመልካቹ እንዲታይ ተደርጓል።

በተአምረ ማርያም የሚነገረው የበላኤ ሰብእ ታሪክ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይገባል። ስምዖን እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበር። ሰይጣን በሥላሴ አምሳል በእንግድነት መጥቶ ልጁን እንዲያርድ ጠየቀው፤ እርሱም ያዘዙትን ፈጽሞ ከሥጋው ሲቀምስ ሰው በላ ሆነ። 78 ሰው ከበላ በኋላ ለአንድ ለተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምሕረት አገኘ ይላል ትረካው። እዚህ ላይ ፈታኙ የገባው በክፋቱ በር አይደለም፤ በደግነቱ በር ነው። ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ከመጥፎ ምኞቱ ብቻ ሳይሆን ከሚመካበት በጎ ሥራውም እንዲጠነቀቅ ይገደዳል።

በትርጓሜ ቤት ከአራቱ ጉባኤያት አንዱ የሆነው መጽሐፈ መነኮሳት፣ ማለትም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ትኩረቱን ወደ ሰው ሐሳብ ያዞራል። በምሥራቁ ዓለም የምንኩስና ትምህርት ሐሳብ ስለመጣ ብቻ ሰው አይወቀስም። ከሐሳቡ ጋር ይነጋገራል፤ ቀጥሎ ይስማማል፤ ከዚያ በኋላ ይሠራል። በደሉ የሚጀምረው ከመስማማቱ ነው። ሃምሳ ሳንቲሟ በእጄ ላይ ስታርፍ ገና አልሳትኩም ነበር። የሳትኩት ጣቶቼን ስጨብጥ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ በወላጆቹ ስለትና በሰብለ ወንጌል ፍቅር መካከል ተይዞ ሲጨነቅ፣ ደራሲው ቀንድ ያለው ፈታኝ አላስፈለጋቸውም። ፍልሚያው ሙሉ በሙሉ ወደ ገጸ ባሕርዩ ልብ ገብቷል። እንዲያውም አንባቢ የሚቸገረው የትኛው ፈተና፣ የትኛው ጸጋ እንደሆነ ለመለየት ነው። ስለቱ የሌላ ሰው ቃል ነው፤ ፍቅሩ የራሱ። ዘመናዊው ልብ ወለድ ከገድል የወረሰው የውጊያውን ሜዳ ነው፤ አሸናፊው ማን መሆን እንዳለበት ግን አስቀድሞ አይነግረንም።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት፣ «ሰይጣን አሳተኝ» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ እንደሚታሰበው ኃላፊነትን መሸሻ ብቻ አይደለም። ተናጋሪው ቢያውቀውም ባያውቀውም ግሡ ውስጥ ኑዛዜ አለ። ስለ ረቂቅ ፍልሚያ የተጻፉትን ሥራዎች የምናጠና ሁሉ፣ ፈታኙ በምን መልክ መጣ ከማለት አስቀድመን ተፈታኙ በየትኛው ግሥ ተነገረ ብለን ብንጠይቅ የበለጠ እናተርፋለን ብዬ አምናለሁ።

በዚያ ዓመት አያቴ ያለ ጥላ ቁልቢ ወጣች፤ ሁለታችንንም ይዛን ሄደች። አጎቴ ስለት እንዳለባቸው ሰዎች ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። እኔም ማንም ሳያዘኝ በኪሴ አንዲት ጠጠር ይዤ ነበር። ጥላውን አጎቴ ራሱ ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ በሦስተኛው ዓመት አገባ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ለሰው ሲያወራ ስሰማው፣ ሰይጣንን ከዐረፍተ ነገሩ አውጥቶት ነበር። «ያን ጊዜ ስቼ ነበር» ይላል፤ ሌላ ምንም አይጨምርም።