የስኳር ሕመምተኛ እግርና የሪፈሩ መንገድ

የደቡብ ጎንደሯ ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ሲመሽ ሰው ሁሉ እግሩን ወደ ምድጃው ይዘረጋል። ስኳር ያደነዘዘው እግር ግን እሳት ሲልጠው አይሰማውም። ቁስሉ የሚታየው በማግስቱ ነው፤ አላመመምና ተንቆ ይተዋል። በስማዳ ቆላ ደግሞ ጠንቁ እሾህ ወይም ፕላስቲክ ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ነው።

ከዚያ በኋላ ሕክምናው ወደ ላይ የሚወጣ መሰላል ነው። መጀመሪያ የጋይንቱ ነፋስ መውጫ፣ የእስቴው መካነ ኢየሱስ፣ የስማዳው ወገዳ ሆስፒታሎች፤ ካልሆነ ደብረ ታቦር፤ ካልሆነም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም የባሕር ዳሮቹ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን። ስኳሩን የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ቁስሉን ቀዶ ሐኪም ያያል። ሁለቱን ሐኪሞች ከእግር ባለሙያና ከጫማ ሠሪ ጋር በአንድ ክፍል የማስቀመጥ ሐሳብ ለንደን በኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል በ1981 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ የሚቆረጠውን እግር በእጅጉ ቀንሷል።

የጤና መድህን ደብተር ያለው ሰው በሪፈር ቢሄድ ሕክምናው ይሸፈንለታል። የመኪናው፣ የአልጋውና የአስታማሚው ወጪ ግን ከበግ ወይም ከጤፍ ሽያጭ ይወጣል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲደርስ የከተማዋ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ደግሞ መንገዱን ደጋግሞ ዘግቶታል።

ስለዚህ በእኔ ግምት ዋናው ስፔሻሊስት ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ናት። ይህ ምኞት አይደለም፤ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና የጎንደር ባልደረቦቻቸው የስኳርና የሚጥል በሽታ ክትትልን ለገጠር ነርሶች አውርደው አሳይተዋል። ለእግር የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው። በ10 ግራም ጫና የሚጎብጥ የናይለን ክር አለ፤ ሕመምተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ክሩ የውስጥ እግሩን ሲነካው «እዚህ ጋ» ማለት ካቃተው ነርቩ ተጎድቷል። ከዚያ በጣት የእግሩ ጀርባ ትርታ ይፈተሻል፣ በጣቶቹ መካከል ይታያል። በቀጠሮ ቀን ግን የደም ስኳር ተለክቶ፣ መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ጫማው ሳይወልቅ የሚሸኘው ብዙ ነው።

ጸበልም አለ። መጠመቁን የሚከለክል ሐኪም አላውቅም፤ ችግሩ ኢንሱሊኑን አቋርጦ፣ ክፍት ቁስሉን ደጋግሞ አርሶ መክረሙ ነው።

እግሩ የጠቆረ፣ የሸተተ ወይም ያበጠና ትኩሳት የያዘው ሰው ግን የገበያ ቀን መኪና መጠበቅ የለበትም፤ ሪፈሩን የዚያኑ ዕለት ያስጽፍ።